ስልኩን ስጧትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፦ የጤና ትምህርት መተግበሪያን ስለ መፈተን



በእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ላይ ያለች ሴት ብርቱ ራስ ምታት ያዛት እንበል። ዓይኗ ብዥ ይልባታል፤ ፊቷም አብጧል። እነዚህ ምልክቶች ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ አደገኛ የእርግዝና ሕመም ሊሆኑ ስለሚችሉ ቤቷ ማደር የለባትም፤ በቶሎ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ አለባት። ይህ ምክር በስልኳ ውስጥ ባለ መተግበሪያ በአማርኛ ተጽፎ ተቀምጧል። ያዘጋጁት ሐኪሞች አንድም ስህተት አልጻፉም። ወደዚያ ገጽ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ማስገባት፣ በመልእክት የሚላከውን ኮድ መጠበቅ፣ ከተደረደሩት ምስሎች አንዱን መምረጥ፣ ከዚያም ‹የእርግዝና ውስብስብ ችግሮች› የሚለውን ርዕስ መክፈት ያስፈልጋል። ኮዱ ካልመጣ፣ ወይም ርዕሱ የእሷን ራስ ምታት የሚመለከት ካልመሰላት፣ ምክሩ ለእሷ እንዳልተጻፈ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ መንገድ ነው። የጤና መተግበሪያ ሲዘጋጅ ስለ ይዘቱ ትክክለኛነት የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ሐኪም ያነበዋል፣ ኮሚቴ ያጸድቀዋል። ሰውየው ከጅምሩ አንሥቶ ምክሩ ጋ በራሱ እጅ መድረስ መቻሉን የሚያረጋግጥ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ወይም ማረጋገጫው ‹ተጠቃሚዎች ወደውታል› በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የእኔ አቋም ይህ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አይደለም የሚል ነው፤ ማስረጃው ሰውየው በስልኩ የሠራው ሥራ ነው።

በስልክ የሚሰጥ ትምህርት ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ከአገራችን አለ። ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የተባለ የዴንማርክ ድርጅት ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲና ከደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለአዋላጆች ‹ሴፍ ዴሊቨሪ አፕ› የሚል መተግበሪያ ሠራ። በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተዘጋጁ አጫጭር ፊልሞች አሉት፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም፣ ትንፋሽ ያጣ አራስ እንዴት እንደሚረዳ ያሳያሉ። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። በምዕራብ ወለጋ በ73 የጤና ተቋማት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። መተግበሪያው ያለበት ስልክ የተሰጣቸው ባለሙያዎች ከስድስት ወርም ከዓመትም በኋላ በእውቀትም በእጅ ሥራም ካልተሰጣቸው በልጠው ተገኙ። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራትና በተወለዱ ሰሞን የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥርም መተግበሪያው በነበረባቸው ተቋማት ከ1000 ወሊድ 14፣ ባልነበረባቸው ደግሞ 23 ነበር። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ በግልጽ ጽፈዋል። በዚህ ጥናት እኔን የሚማርከኝ ልኬቱ ነው። ባለሙያዎቹ መተግበሪያውን ወደዱት ወይ ብሎ በመጠየቅ አላበቃም፤ ትንፋሽ ያጣ አራስን ለመርዳት እጃቸው ምን እንደሚሠራ መዘነ።

አሁን ወደ መለኪያው እንሂድ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው አይሶ 9241-11 የተባለ ሰነድ የአጠቃቀም ምቹነትን በሦስት ነገሮች ይመዝናል፦ ሰውየው ያሰበውን መፈጸሙ፣ ለመፈጸም የወሰደበት ጊዜና ድካም፣ በመጨረሻም ያደረበት የእርካታ ስሜት። ሰነዱ ሌላም ቁም ነገር ይዟል፤ እኔ ከሦስቱ ይልቅ እሱን አስበልጣለሁ። ምቹነት በራሱ የቆመ ነገር ሳይሆን ‹ለማን፣ ለምን ሥራ፣ በምን ሁኔታ› ተብሎ የሚለካ ነው ይላል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ፣ በአዲስ ስልክ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅ ቀላል ሆኖ የተገኘ መተግበሪያ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀና ማኅደሩ በሞላ ስልክ፣ ፀሐይ ላይ፣ ልጅ ባዘለች እናት እጅ ቀላል ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱ ለየብቻቸው የሚለኩ ናቸው።

ከሦስቱ መለኪያዎች በብዛት የሚለካው ሦስተኛው፣ ስሜቱ ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው። መጠይቅ ታድላላችሁ፣ ትሰበስባላችሁ፣ ትደምራላችሁ። ከመጠይቆቹ ሁሉ ስመ ጥሩው ጆን ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለ የኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ‹ሲስተም ዩዛቢሊቲ ስኬል› ነው፤ በአጭሩ ‹ኤስ ዩ ኤስ› ይባላል። ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ አምስቱ መተግበሪያውን የሚያመሰግኑ፣ አምስቱ የሚነቅፉ ሆነው እየተፈራረቁ ይመጣሉ። መልስ ሰጪው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ከሚያመሰግኑት ላይ 1 ይቀነሳል፤ የሚነቅፉት ደግሞ ከ5 ላይ ይቀነሳሉ፤ ድምሩ በ2.5 ሲባዛ ከ0 እስከ 100 ያለ ነጥብ ይገኛል። ይህ ነጥብ መቶኛ አይደለም፤ 70 ያገኘ መተግበሪያ ‹ሰባ በመቶ ቀላል ነው› አይባልም። ጄፍ ሳውሮ የተባለ ተመራማሪ ወደ 500 የሚጠጉ ጥናቶችን ሰብስቦ አማካዩ 68 አካባቢ መሆኑን ስላሳየ፣ 70 ከአማካይ በጥቂቱ የሚበልጥ ነጥብ ነው።

መጠይቁ ጥቅም አለው፤ አልጥለውም። አንድን መተግበሪያ ከትናንት ማንነቱ ጋር ለማወዳደር አጭርና የተፈተነ መሣሪያ ነው። ግን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንዲት እናት መጠይቁን የሚያነብላትን ሰው ላለማስቀየም ለዐሥሩም ዓረፍተ ነገር ‹በጣም እስማማለሁ› አለች፤ ለምስጋናውም ለነቀፋውም 5። ከምስጋናው አምስት ጊዜ 4፣ ማለትም 20 ታገኛለች። ከነቀፋው ምንም አታገኝም። 20 በ2.5 ሲባዛ 50 ነው። እንግዲህ መጠይቁ ተመልሶ ሲመጣ 50 ወይም በዚያ አቅራቢያ ያለ ነጥብ በብዛት ካያችሁ፣ መተግበሪያው መካከለኛ ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት ገልጣችሁ እዩ። ስለ መተግበሪያው ያልተናገሩ፣ ጠያቂውን ብቻ ያከበሩ ሰዎች ልታገኙ ትችላላችሁ። ሳውሮና ጄምስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ምስጋናና ነቀፋ መፈራረቃቸው አንዳንድ መልስ ሰጪዎችን እንደሚያደናግር፣ ደማሪዎችንም እንደሚያሳስት አሳይተዋል። ማንበብ ለከበደው ሰውማ ችግሩ ይብሳል።

ጠያቂን ላለማስቀየም የሚታየው ይሉኝታ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላ ዴልና የሥራ ባልደረቦቿ በህንድ ባንጋሎር ከተማ 450 ሰዎችን አነጋግረው ያሳተሙት ጥናት አለ። ለሰዎቹ ሁለት ነገር ያሳዩና አንዱ የጠያቂው ሥራ እንደሆነ ይነግሯቸዋል፤ ከዚያ የትኛው እንደሚሻል ይጠይቋቸዋል። ሰዎቹ የጠያቂው ነው የተባለውን የመምረጣቸው ዕድል ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆነ። ጠያቂው በአስተርጓሚ የሚናገር የውጭ አገር ተመራማሪ ሲሆን አምስት እጥፍ ደረሰ። የጠያቂው የተባለው ሆን ተብሎ በግልጽ እንዲበላሽ ሲደረግ እንኳ የሚመርጡት አልጠፉም። እኛም ዘንድ ምሳ የተጋበዘ እንግዳ ወጡ ጨው እንደበዛበት ለባለቤቲቱ አይነግራትም፤ ሳህኑ ላይ የተረፈውን ማየት ግን ይቻላል። የአበል ወረቀት ላይ አስፈርሞ፣ መለያ ባጅ አንጠልጥሎ፣ የድርጅት መኪና አቁሞ ‹አፓችን እንዴት ነው?› ብሎ የሚጠይቅ ሰው ‹በጣም ጥሩ ነው፣ ተባረኩ› የሚል መልስ ቢያገኝ ምርቃት አግኝቷል እንጂ መረጃ አላገኘም።

ስለዚህ ስልኩን ስጧትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ነገሩ ለመናገር ቀላል ስለሆነ እንዴት እንደሚደረግ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ የምትሰጡት ሥራ ከሕይወት የተወሰደ ይሁን። ‹የእርግዝና ገጹን ክፈቺ› ካላችሁ መንገዱን ነገራችኋት፤ ፈተናው እዚያው አበቃ። ‹እኅትሽ ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ራሷን እያመማት ነው፣ ዓይኗም ብዥ ይልባታል፤ ምን ማድረግ እንዳለባት በዚህ ስልክ ፈልጊላት› በሏት። በሥራው ውስጥ የመተግበሪያው ርዕሶች ስም አይግባ። የሷ ጉዳይ እንዳይመስላት በእኅቷ ስም መጠየቁም ነውርን ያቀልላል፤ በተለይ ጥያቄው ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ስለ ኤች አይ ቪ ሲሆን።

ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ያዘጋጀነው መተግበሪያ ላይ አንዲት እናት ትክክለኛውን ምልክት በጣቷ ጫፍ አልፋው ስትሄድ ስናይ ‹እሱን፣ እሱን› ማለት ያምረናል። ያን ጊዜ የረዳናት ይመስለናል፤ ቤቷ ስትገባ ግን እኛ የለንም። ከጠየቀች ‹እኔ ባልኖር ምን ታደርጊ ነበር?› ብሎ መመለስ ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊትም የሚፈተነው ስልኩ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ረጋ ብላችሁ ንገሯት፤ ቢያቅታት ጥፋቱ የአዘጋጆቹ እንደሆነና ያቃታትን ማወቅ እንደምትፈልጉ። የሚፈትነው ሰው ከአዘጋጆቹ አንዱ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሆነም አይናገር።

በሌላው ዓለም የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፦ ተጠቃሚው እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ። ክሌይተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1982 በአይቢኤም ያስፋፋው ይህ ዘዴ ጠቃሚ ነው። በእኛ አገር ግን በማታውቀው ሰው ፊት ብቻዋን እንድታነበንብ የተጠየቀች እናት ዝም ልትል፣ ወይም ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ልትናገር ትችላለች። ከዚያ የሚሻለው ሁለት ጎረቤታሞችን በአንድ ስልክ ፊት አብሮ ማስቀመጥ ነው። ‹እሱ አይደለም እኮ፣ ይሄኛውን ንኪው›፣ ‹ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?› እየተባባሉ ያሰቡትን ሁሉ ያለ ትእዛዝ ይናገራሉ። ተመራማሪው የሚፈልገው ቃል ይኸው ነው።

ሁለት ሰው ማስቀመጥ ከእውነተኛው አጠቃቀምም ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንበብ የሚችሉት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ። ማንበብ ለማትችል እናት ስልኩን የሚከፍትላት ብዙ ጊዜ ተማሪ ልጇ ነው። እንግዲህ የአንዳንዱ መተግበሪያ እውነተኛ ተጠቃሚ የ12 ዓመት ልጅና እናቷ በአንድነት ናቸው። ስለ አባላዘር በሽታ ወይም ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የተጻፈውን ያቺ ልጅ ለእናቷ ማንበብ ትችላለች? እናቲቱስ በልጇ በኩል ትጠይቃለች? እኔ አይመስለኝም። ለእንዲህ ያለው ርዕስ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ድምፅ ማዘጋጀት ግድ ነው፤ ፈተናውም እናትና ልጅ አብረው ባሉበት፣ ከዚያም እናት ብቻዋን በሆነችበት ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት።

የስልኩን የጋራ መሆን ካነሣን የባልና ሚስቱም ነገር አለ። መተግበሪያው በስልኩ ፊት ላይ የሚያኖረው ምስል፣ ማታ ላይ ብቅ የሚለው ማስታወቂያ፣ ሌላ ሰው ስልኩን ባነሣ ጊዜ ምን ያነብባል? ‹የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን ይውሰዱ› የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ያለ ፈቃድ መውጣቱ የሚነኩትን ቁልፍ ፈልጎ ከማጣት የከፋ ጉድለት ነው፤ በአንድ ሰው ትዳርና ኑሮ ላይ የሚደርስ አደጋ ነውና። ማንም ግን በመጠይቁ ላይ አያገኘውም።

አሁን ደግሞ ከውጭ የመጣ መተግበሪያ በአማርኛ ለብሶ ሲቀርብ የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች እንይ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀንና ሰዓት ነው። የመድኃኒት ማስታወሻ ያለው መተግበሪያ ‹ሰዓት ይምረጡ› ሲላት ጠዋት 2 ሰዓት የምትወስድ ሴት 2፡00 ትመርጣለች። ስልኩ ግን በሌላው ዓለም አቆጣጠር ስለሚሠራ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጮኻል። ሁለት ሌሊት ከተቀሰቀሰች ማስታወሻውን ታጠፋዋለች፤ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን የሚያስታውሳት የለም። የወር አበባ ቀን በሚመዘገብበት ቦታም እንዲሁ ነው። ‹ማርች› የሚለው ወር ‹መጋቢት› ተብሎ ብቻ ተለውጦ የቀን መቁጠሪያው እንዳለ ከቀረ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.ን አስባ ‹መጋቢት 5›ን ስትመርጥ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2025 ሆኖ ይመዘገባል። እውነተኛው ቀን ግን ማርች 14 ነው። ዘጠኝ ቀን ጠፋ ማለት ነው፤ የመውለጃዋ ቀንም በዘጠኝ ቀን ተሳስቶ ይነገራታል። ጳጉሜንን ጭራሽ የማያውቅ የቀን ማስገቢያም ሞልቷል። ፈታኙ ይህን የሚያገኘው ተጠቃሚዋን ‹ሰዓቱን መምረጥ ቀላል ነበር ወይ?› ብሎ ቢጠይቅ አይደለም፤ ቀላል ነበር ትለዋለችና፤ እውነትም ቀላል ነበር። የሚያገኘው ያስገባችውን ከስልኩ መዝገብ አውጥቶ እሷ ካሰበችው ጋር ሲያስተያይ ነው።

ፍለጋውም እንዲሁ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቶ በስልኮች ሁሉ መነበብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንዱ ‹ሕመም›፣ ሌላው ‹ህመም›፣ ሦስተኛው ‹ኅመም› ብሎ ይጽፋል፤ ‹ፀጉር›ና ‹ጸጉር›፣ ‹ሐኪም›ና ‹ሀኪም› እንዲሁ። ለስልኩ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ ፕሮግራሙ አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ካልታዘዘ በቀር ‹ምንም አልተገኘም› ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ ፕሮግራመር በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። ሠርቶ የሚያስገባው ግን ሰው ሲፈልግ አይቶ ካወቀ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደዋል፤ የፍለጋው ሣጥን ለእነሱም ይከፈት። እናቶች የሚፈልጉት በበሽታው ስም ሳይሆን በሚያዩት ነገር ነው፦ ‹ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል›፣ ‹ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል›። ይህን የጻፈች እናት የሳንባ ምች ገጽ ላይ ካልደረሰች፣ ልጇ አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ እሷ ስልክ ላይ ጊዜ ታጠፋለች።

ዳታውን በአጭሩ ልለፈው። ዘጠና ሜጋባይት አፕዴት የሚጠይቅ መተግበሪያ ካርድ በቆጠበች እናት ስልክ ላይ ቦታ የለውም። ፈተናው ዳታው ተዘግቶም ይደረግ።

እስካሁን የተናገርኩት ገጹ ላይ ስለ መድረስ ነው። የጤና ትምህርት መተግበሪያ ግን ከባንክ መተግበሪያ በአንድ ነገር ይለያል። በባንክ መተግበሪያ ገንዘቡ ከተላከ ሥራው አለቀ። በጤናው ግን ገጹን ከፍታ፣ እስከ መጨረሻ አንብባ ወይም ሰምታ፣ ተሳስታ ብትረዳስ? ስለዚህ የምቹነት ፈተና በመረዳት ፈተና መጠናቀቅ አለበት። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ ኦ አር ኤስ የምንለውን እንውሰድ። በብዛት የሚገኘው ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ጨውና ስኳሩ ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ከበዛ ደግሞ አይጠቅመውም። መተግበሪያው ‹በአንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ› ብሏል፤ ሥዕልም አለው። እናቲቱ ‹ገብቶኛል› አለች። አሁን የሃይላንድ ጠርሙሶችን፣ የግማሽ ሊትሩን፣ የአንድ ሊትሩንና የሁለት ሊትሩን፣ አንድ ጆግና አንድ ብርጭቆ ደርድሩላትና ‹እስቲ አዘጋጂው› በሏት። እጇ ወዴት ይሄዳል? ግማሽ ሊትሩን ካነሣች ጥፋቱ የሥዕሉ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ጠርሙስ መጠኑ የማይታወቅ ስለሆነ ነው። ከኦ አር ኤሱ ጋር የሚሰጠውን የዚንክ እንክብልስ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆምለት ታቆማለች ወይስ ዐሥሩን ቀን ትጨርሳለች? ይህን በቃሏ ለጎረቤቷ እንድትነግር አድርጉ። ሐኪሞች በሽተኛውን የነገሩትን መልሶ እንዲነግራቸው የሚያደርጉት ለዚሁ ነው፤ መተግበሪያውም በዚያው ወንፊት ይለፍ።

ስንት ሰው ይበቃል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ስሌት አንድ ተፈታኝ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያወጣል፤ አምስት ሰዎች ደግሞ ወደ 85 በመቶ ይደርሳሉ። ‹አምስት ሰው ይበቃል› የሚለው አባባል ከዚህ መጣ። ሎራ ፎክነር እ.ኤ.አ. በ2003 በ60 ሰዎች ባደረገችው ፈተና ግን ከእነዚያ መካከል አምስት አምስት እየተደረገ ሲወጣ አንዳንዱ ቡድን ከችግሮቹ 55 በመቶውን ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም ለማለት የሚቻለውን ያህል አገኘ። ዐሥር ሲሆኑ ዝቅተኛው 80 በመቶ ደረሰ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ ለዐሥራ አምስት ሰው የሚበቃ ከሆነ ዐሥራ አምስቱን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ አምስት ፈትኖ፣ አርሞ፣ ሌላ አምስት ፈትኖ፣ እንደገና አርሞ መቀጠል ይሻላል። ሁለተኛ፣ አምስቱ የሚመረጡበት መንገድ ከቁጥራቸው ይበልጣል። ማንበብ የምትችልና የማትችል፣ አዛውንትና ጎልማሳ፣ አማርኛ የአፍ መፍቻዋ የሆነላትና ሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነባት፣ ስልክ የለመደችና ትናንት የያዘች ሁሉ ከመካከላቸው ይገኙ። ከአንድ ቢሮ የተሰበሰቡ አምስት ጓደኛሞች አንድ ሰው እንደማለት ናቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። እነሱን እንደ አስተባባሪ ብቻ መቁጠር ትልቅ ሀብት መጣል ነው። ቤት ለቤት ሲዞሩ እናቶች ምን ብለው እንደሚጠይቁ፣ የትኛው ምክር እንደማይደመጥ፣ ባል በቤት ሲኖር ምን እንደማይወራ ያውቃሉ። ለተፈታኞች የሚሰጡት ሥራዎች ሲዘጋጁ አብረው ይቀመጡ። ፈታኝ ሆነው ግን አይግቡ፤ እናቲቱ ነገም የምታገኛቸው ስለሆነች ፊታቸው አትሳሳትም፣ ወይም ላለመሳሳት ስትል አትሞክርም።

በመጨረሻም ከእናንተ መካከል በጤና ጽሕፈት ቤት፣ በረድኤት ድርጅት ወይም በዩኒቨርሲቲ የምትሠሩና እንዲህ ያለ መተግበሪያ የሚቀርብላችሁ ትኖራላችሁ። የምቹነት ጥናት ሪፖርት ሲመጣላችሁ አማካይ ነጥቡን አንብባችሁ አትፈርሙ። ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰው ያለ እርዳታ እንደፈጸመ፣ ስንቱ በሰው እርዳታ እንደፈጸመ፣ ስንቱ እንዳቃተው፣ ያቃተውም የትኛው ገጽ ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ጠይቁ። ‹ፈጸመች፣ ግን የተሳሳተ መጠን ይዛ ወጣች› የሚል ዓምድ ለብቻው ይኑረው፤ በጤና ነገር ካለመፈጸም ይልቅ ይህ ይበልጥ ይጎዳልና። የተፈተኑት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ስማቸው ሳይጠቀስ፣ በዕድሜ፣ በትምህርትና በስልካቸው ዓይነት ይጻፍ። ውሉ ላይም የመጀመሪያው ፈተና ገንዘቡ ሳያልቅ፣ ሥዕሉ ሳይደምቅ፣ ገና በወረቀት ላይ እያለ እንዲደረግ አስገቡ፤ በእርሳስ የተሣለ ገጽ ለመለወጥ አያሳሳም፣ ሰውም በወረቀት ላይ ያየውን ለመንቀፍ ይደፍራል። ከእርማቱ በኋላ ያው ሥራ ለሌሎች ሰዎች ይሰጥ። በመጀመሪያው ዙር ብዙ ሰው የቆመበት ገጽ በሁለተኛውም ካስቆመ፣ ለሕዝብ የሚሠራጭበት ቀን ይራዘም፤ የምረቃው ግብዣ ካርድ ታትሞ ቢሆን እንኳ።